አንድ ቀን ሳልቀር «የለህም» ተባልኩ

ባለፈው ዓመት አገር ቤት ገብቼ ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ሰነበትኩ። ጠባሴ አካባቢ ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ ለሚያውቀው አልነግረውም፤ የማያውቀው ደግሞ ብነግረውም አያምነኝም። ከሰሉ መሐል ተቀምጧል፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። የቤቱም የጎረቤቱም ልጆች ጥያቄ ያዘንቡብኛል። ምን ዓይነት መኪና ነው የምትነዳው? ቤቱ የራስህ ነው ወይስ ኪራይ? እውነት እዚያ ሰው ሲሞት ሥራ ፈቃድ ተጠይቆ ነው የሚለቀሰው?

አንዱ ጥግ ይዞ ዝም ብሎ ቆየ። የ12ኛ ክፍል ውጤት ያልመጣለት የአክስቴ ልጅ ነው። በኋላ ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ ግን ኮሌጅ ገብተህ ለራስህ ምን አገኘህ? ጓደኞችህ ትራክ ነድተው አይደል እንዴ ቤት የሠሩት?» አለኝ።

አክስቴ «አንተ! ይሄ ምን ዓይነት አጠያየቅ ነው?» ብላ ተቆጣች። እኔን ግን ጥያቄው ደስ አለኝ። ሌላው ሁሉ ስለ ንብረቴ ሲጠይቅ እሱ ስለ እኔ ጠየቀ። ቤቱ ሰው ሞልቶ ስለነበር «ሥራ አገኘሁበት» ብዬ አለፍኩት። ረጅሙን መልስ እዚህ ልጻፈው።

እኔ ከመሄዴ በፊት መምህር ነበርኩ። ከጣርማበር በመዘዞ አድርጎ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ ታውቁታላችሁ። ከዚያ መንገድ ገባ ብሎ፣ መንዝ ውስጥ ባለ ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ሱሪዬን ከፍራሽ ሥር አስተኝቼ የምተኩስ፣ ፕረዘንት ፐርፌክትን በጠመኔ አስውቤ የምጽፍ መምህር። ከዚያ ዲቪ ደረሰኝ። የቀረውን ታውቁታላችሁ። ሜሪላንድ ገባሁ፣ ዋሽንግተን መሐል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ የሌሊት ሥራ ያዝኩ። ዲፕሎማዬ ሻንጣ ውስጥ ቀረ።

ኮሌጅ የገባሁት በዚህ መሐል ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚሉት፣ የሁለት ዓመቱ። ከዩኒቨርሲቲ ይረክሳል፣ በማታም ይማሩበታል፣ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሁሉ ይገባበታል። የመጀመሪያው ኢሊኖይ ውስጥ ጆሊየት በምትባል ከተማ በፈረንጆች 1901 የተከፈተው ነው ይላሉ። የእኛው የአንጎለላ ልጅ፣ አፄ ምኒልክ፣ አዲስ አበባ ላይ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የከፈቱት በዚያው አቆጣጠር በ1908 ነው። ያን ያህልም አልተበለጥንም እያልኩ እጽናናለሁ። ግን «የመጣ ሁሉ ይግባ» የሚለው ነገር ለእኛ ሰው ግራ ነው። እኛ ዘንድ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በሩ ላይ ተጣርተን የምንቀር ሰዎች ነን። እዚያ በሩ ወለል ብሎ ሳየው «ይሄማ ምን ትምህርት ነው» አልኩ። ጉዱ መውጫው ላይ ነው። የገባው ሁሉ አይወጣም።

አሁን ወደ ውርደቴ ልምጣ።

ለነርሲንግ ከሚያዘጋጁት ኮርሶች አንዱ የሥነ ልቦና መግቢያ ነበር። ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ። ሌሊት መኪና ሳስቆም አድሬ፣ ፊቴን ሽንት ቤት ታጥቤ፣ ከመምህሯ ቀድሜ እደርሳለሁ። አንድም ቀን አልቀረሁም። የምትለውን ሁሉ እጽፋለሁ። በፈተናም ከክፍሉ ላይኞቹ ውስጥ ነበርኩ። አጋማሽ ላይ ውጤታችን ተለቀቀ። ለክፍል ተሳትፎ ከተመደበው 15 ነጥብ ሦስት ሰጥታኛለች። ከሥሩ አንድ መስመር ጽፋለች፦ ክፍል ውስጥ የለህም።

ደግሜ አነበብኩት። የሌላ ሰው መሰለኝ። የለህም? እኔ?

አጠገቤ የሚቀመጥ አንድ ጎረምሳ አለ። አርፍዶ ይገባል፣ እግሩን ወንበር ላይ ይሰቅላል፣ ፒዛውን ይገምጣል። 15 ከ15 አግኝቷል። ለምን? ይናገራላ! ምን ይናገራል? በዚያው ሳምንት ስለ ፍርሃት ስንማር፣ አያቱ ድመት እንደነበራትና ድመቷ ነጎድጓድ እንደምትፈራ ነግሮናል። መምህሯ «ግሩም ሐሳብ ነው» አለችው። በእግዚአብሔር፣ ይሄ ምን ይባላል?

ሰሜን ሸዋ ያደገ ሰው ይፍረደኝ። ትልቅ ሰው ሲናገር አንገትህን ደፍተህ ነው የምትሰማው። በአዋቂ ጨዋታ የገባ ልጅ ኩርኩም ይቀምሳል። «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ነው ያደግነው። የኔታ ዘንድ ደግሞ ጥያቄ የሚባል ነገር የለም፤ እሳቸው ይላሉ፣ አንተ ትከተላለህ፣ ከተሳሳትክ አለንጋው ያስታውስሃል። እኔም መምህር ሆኜ ጨዋ ተማሪ የምለው ዝም ያለውን ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ጨዋ ያሰኘኝ ነገር ነው እዚያ አገር ነጥብ ያስቆረጠኝ።

ቢሮዋ ሄድኩ። ቢሮ መጥራት እኛ ዘንድ «ወላጅ አምጣ» ማለት ነው። እዚያ ግን መምህሩ ሰዓቱን በሩ ላይ ለጥፎ ተማሪ ሲጠብቅ ይውላል፤ የሚመጣለት የለም። እጄን አጣምሬ፣ ትንሽ ጎንበስ ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። አየችኝና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቃል በቃል እየቆራረጠች፣ «እንግሊዝኛ… ይከብድሃል… ወይ?» አለችኝ። ጆሮዬ የማይሰማ መስያታለች። መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ማስጠኛ ክፍል የሚልክ ወረቀት ጻፈችልኝ።

ያስጠናችኝ አፍንጫዋን የተበሳች የ18 ዓመት ልጅ ናት። የጻፍኩትን ወረቀት ወጣች ወረደች፣ ስህተት አጣችበት። ቀጥላ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ጣቷን አስቀምጣ «ይሄን እዚህ ለምን አስገባኸው?» አለችኝ። ፓስት ፐርፌክት ነው አልኳት። ምንድን ነው አለችኝ። ተነሥቼ ነጭ ሰሌዳው ላይ አስረዳኋት። መንዝ ሰባተኛ ክፍል የማስተምረውን ነው፣ ምሳሌውን ሳልቀይር። ደብተር አውጥታ ጻፈች። ሰዓታችን ሲያልቅ ቅጹን ሞላችልኝ፦ «ተማሪው ጥሩ መሻሻል አሳይቷል።» ወረቀቱን እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ።

በንዴት ነው አፌን የከፈትኩት፤ በትምህርት አይደለም። በቀጣዩ ሳምንት ስለ ማስታወስ ችሎታ ስንማር፣ መምህሯ በቃል መሸምደድ ደካማ የትምህርት ዘዴ ነው አለች። እጄን አወጣሁ። ስትፈቅድልኝ ብድግ ብዬ ቆምኩ። እዚያ ማንም አይቆምም፣ ሁሉም ዞሮ አየኝ። እኛ አገር ሕፃን ልጅ ትርጉሙን ሳያውቅ 150ውን የዳዊት መዝሙር በግዕዝ አንብቦ ይወጣዋል፣ ብዙውንም በቃሉ ይይዘዋል፣ ትርጉሙ የሚመጣው በኋላ ነው፣ ያ ልጅ አልተማረም ልትይኝ ነው ወይ አልኳት። «አንቺ» ያልኳት መሰለኝና ደነገጥኩ። ለካ እነሱ ዘንድ አንቱም አንቺም አንድ ነው።

መምህሯ ቆም አለች። «ይህን አላውቅም ነበር» አለች። በሠላሳ ተማሪ ፊት! ደግሞ ንገረን አለችኝ። ስለ ፊደል ገበታ፣ ስለ ቆሎ ተማሪ፣ ስለ ውሻና ስለ ደበሎ ነገርኳቸው። ባለ ድመቱ ጎረምሳ ፒዛውን ትቶ ያዳምጥ ነበር። እኔን ግን የነካኝ የእሷ «አላውቅም» ነው። የኔታ አላውቅም ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። እኔም አስተማሪ ሆኜ ብሞት አልላትም ነበር።

የኔታ ግን በኋላ ካሱኝ። አናቶሚ ላይ የሰውን 206 አጥንት በስም ማወቅ ነበረብን። አሜሪካኖቹ ባለ ቀለም ካርድ ገዝተው፣ ስልካቸው ላይ ጨዋታ ጭነው፣ ያለቅሳሉ። እኔ ፓርኪንግ ቤት ቁጭ ብዬ በዜማ ወረድኩት። የራስ ቅሉን በግዕዝ ዜማ፣ የእጁን በዕዝል። ካምፓስ ውስጥ ቸካይ ብለው ቢሰድቡኝ ግድ አልነበረኝም። ስለዚህ አገር ቤት የተማርነው ከንቱ ነው የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር አይስማማም።

ያ የተከፈተ አፍ ምን ጠቀመ? ሆስፒታል ልምምድ ላይ ሳለን አንድ የመድኃኒት ትእዛዝ አየሁ። ነጥቧ ቦታዋን የሳተች መሰለኝ፤ መጠኑ አሥር እጥፍ ሆኗል። ሐኪሙ ሽበታም፣ ግርማ ሞገስ ያለው ሰው ነው። የመንዙ እኔ «ትልቅ ሐኪም ነው፣ ያውቃል» ብሎ ዝም ይል ነበር። ተቆጣጣሪዬን ጠርቼ አብረን ጠየቅነው። አየው፣ አስተካከለው፣ አመሰገነን፣ ሄደ። አልተቆጣም፣ አላፈረም። ነርስ የማይገባውን ትእዛዝ ዝም ብሎ እንዳይፈጽም እዚያ የሙያው ግዴታ ነው። ለአክስቴ ልጅ መንገር የነበረብኝ ይህን ነው። ዲግሪው ሥራ አስገኘልኝ፤ «አልገባኝም» ማለትን ግን ያገኘሁት ከዚያች ሦስት ነጥብ ነው። አሁን ከቤት አከራዬም ጋር፣ ከባንኩም ጋር፣ ወረቀቱን አንብቤ «ይሄ ምንድን ነው?» እላለሁ። ድሮ ፈርሜ እወጣ ነበር።

ሌላም አለ፣ ባጭሩ። የቡድን ሥራ የሚሉት ጣጣ ከሳልቫዶር አያትና ከኮሪያ ጡረተኛ ወታደር ጋር ወዳጅ አደረገኝ። አሜሪካኖቹ «ሐሳብህን ወድጄዋለሁ» ካሉ ሐሳብህ እንደሞተ ዕወቅ፤ ይህንንም እዚያው ነው የተማርኩት። አባቶች ደግሞ ይህን ስሙ። አንድ የአገሬ ሰው የልጁን ግሬድ ሊጠይቅ ኮሌጅ ሄደ። ያለ ልጅህ ፈቃድ አንነግርህም አሉት። «እኔ ነኝ እኮ የከፈልኩት!» ብሎ ጮኸ። በፈረንጆች ከ1974 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ነው፤ ኮሌጅ የገባ ልጅ መዝገቡ የራሱ ነው። ሰውየው እስካሁን ያንን ሕግ ያወጣውን ሰው ይረግማል።

ዋጋ አላስከፈለኝም አልልም። በዚያው የእረፍት ጉዞ አጎቴ ቤት ለሽምግልና ተቀምጠን ነበር። የድንበር ጉዳይ ነው። ሽማግሌው ተናግረው ሲጨርሱ «አባባ፣ ይሄኛው አልገባኝም፣ ማስረጃው ምንድን ነው?» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንዱ ጋቢውን እያስተካከለ «አሜሪካ ደፋር አደረገችው» አለ። ነገሩ ግን ማስረጃ አልነበረውም። ሲመሽ አጎቴ ለብቻ ጠርቶኝ፣ «ጥያቄህ ልክ ነበር፤ ሁለተኛ ግን አትጠይቅ» አለኝ። እንግዲህ እዚያ ዝም ብል ነጥብ ይቆረጣል፣ እዚህ ብናገር ይቆረጣል።

አሜሪካ ለመምጣት የምታስቡ፣ ትራክን አልንቅም። መንጃ ፈቃዱ በሳምንታት ይወጣል፣ ገንዘቡም ደህና ነው፣ እኔም ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ። ግን በዲቪ ከመጣችሁ ኮሌጅ ለሀብታም ብቻ አይምሰላችሁ። ፋፍሳ የሚባል የመንግሥት ቅጽ አለ፤ መሙላቱ ነፃ ነው። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ፔል ግራንት ያገኛል። ብድር አይደለም፣ አይመለስም። በ2024–25 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር። ይህን ቅጽ ልሙላላችሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው፣ የአገራችሁ ልጅም ቢሆን፣ ቡና ጋብዛችሁት ተለያዩ።

በተማሪ ቪዛ የምትመጡ ግን ሌላ ነው። ይህ የመንግሥት ድጎማ አይመለከታችሁም። የመጀመሪያውን ዓመት ከግቢ ውጪ መሥራት አይፈቀድም፤ ግቢ ውስጥም ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት አይበልጥም። «እየሠራህ ትከፍላለህ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ፣ በ20 ሰዓት ደመወዝ ክፍያውን፣ ቤቱንና ምግቡን እንዴት እንደሚሸፍን እሱኑ ደምሩልኝ በሉት።

ወረቀታችሁን አገር ቤት እያላችሁ ጨርሱ። ወጪ መጋራቱ ሳይከፈል ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይወጣም፤ ከወጣችሁ በኋላ ደግሞ ወንድማችሁ ነው በየቢሮው የሚንከራተተው። ትምህርት ቤቱ በቀጥታ ቢልክላችሁ ይሻላል። በታሸገ ፖስታ ከሰጧችሁ ግን አትክፈቱት፤ የተከፈተ አይቀበሉም። «እስቲ ግሬዴን ልየው» ብሎ ቦሌ ተራ ሲጠብቅ የቀደደ ሰው አውቃለሁ፤ ኤ የመሰለችው ኮርስ ቢ ሆና አገኛት።