አንድ ኪሎ ብቅል

ከገብስ አንተር፣ ማለትም የአበባ ዱቄት ከሚይዘው ከረጢት፣ ችግኝ ላበቅል ነበር። የግዥ ጥያቄዬ አንድ መስመር ነበር፦ «ማልቶስ፣ 500 ግራም»። የግዥ ክፍሉ ሰውዬ ወረቀቱን ይዘው ቤተ ሙከራው ድረስ መጡ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ስኳር ነው ጋሼ። የብቅል ስኳር።»

ጥፋቴ እዚህች ጋ ነው። «ኬሚካል ነው» ብል ኖሮ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበው ይገዙልኝ ነበር።

«ስኳርማ ሱቅ ሞልቷል።»

«የሱቁ ሱክሮስ ነው። ቶሎ ፈርሶ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይሆናል፤ ለገብስ አንተር አይስማማም። ማልቶስ ቀስ ብሎ ነው የሚፈርሰው።»

«ሻይ ውስጥም ቶሎ ነው የሚሟሟው። እስካሁን ማንን ገደለ?»

በሳምንቱ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ፌስታል አገኘሁ። ከጅማ መርካቶ የተገዛ የጠላ ብቅል፣ አንድ ኪሎ። ደግሞ የሦስት ነጋዴ ዋጋ አወዳድረው!

የገብሱ ዛላ ፍሪጅ ውስጥ በ4 ዲግሪ አራተኛ ሳምንቱን ይዟል። ግዥ ክፍልን አይጠብቅም። በሱክሮስ ሠራሁት። ከዚያ ሁሉ አንተር የበቀለው ጥቂት፣ እሱም አብዛኛው አልቢኖ፣ ወረቀት የመሰለ ነጭ። ክሎሮፊል የሌለው ችግኝ ከቱቦ ሲወጣ ይሞታል። ከአበባ ዱቄት ስለበቀለ ግማሽ ብቻ የሆነው 7 ክሮሞዞሙ እጥፍ ሆኖ 14 ቢሆንለትስ ምን ሊረባ?

ጋሼ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ አዩና «ነጭ ስኳር ተጠቅመሽ ነዋ!» አሉ። ተናድጄም ሳቄ አመለጠኝ።

ማልቶሱ ከአምስት ወር በኋላ መጣ። አረንጓዴው በረከተ። ነጩ ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ ገብስ ከአንተር ሲበቅል ነጭ ማውጣት ልማዱ ነውና። ይህን ለጋሼ አልነገርኳቸውም።

ያልነገርኳቸው ሌላም አለ። በመጀመሪያው ዙር ዛላውን ስቆርጥ መብራት ጠፍቶ ነበር። ማይክሮስፖሩ፣ ማለትም ለጋው የአበባ ዱቄት፣ ገና ባለ አንድ ኑክሊየስ መሆኑን በማይክሮስኮፕ ሳላይ፣ በዓይኔ ገምቼ ነው ፍሪጅ የከተትኩት። ጊዜው ያለፈበት ማይክሮስፖር ማር ቢያጠጡትም እሺ አይልም። ሪፖርቱ ላይ ግን «የግብዓት ችግር» ብዬ አለፍኩት።

ብቅሉን የጽዳቷ እናታችን ወስደው ለገና ጠመቁትና ጋበዙን። ጠላው ለጉድ ነው። ጋሼ ሁለተኛውን ብርጭቆ ተቀብለው ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ያ ሪፖርትሽ ላይ ያለው ግብዓት እኔ ነኝ?»

ጠላው ትን አለኝ።

«መብራቱ ነው ጋሼ፣ መብራቱ» አልኩ።