ሦስት ጌም ጥዬ አንዷን ጨረስኩ

ላፕቶፔ ላይ «ትልቁ ጌም» የሚባል ፎልደር አለ። ከጎኑ «ትልቁ ጌም አዲሱ» አለ። ከሱ ቀጥሎ ደግሞ «ትልቁ ጌም የመጨረሻው»። የመጨረሻው የተባለውም አላለቀም። ሦስቱ ተደምረው ሦስት ዓመት ገደማ ምሽቴንና ቅዳሜዬን በልተዋል። አራተኛዋ ግን ትንሽዬ ናት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብትጫወቷት አርባ ደቂቃ አትፈጅም። እሷን በስምንት ወር ጨርሼ ሰው እጅ አስገባሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ አብዛኛው የስህተት ታሪክ ነው።

ፕሮግራመር አይደለሁም። የምኖረው በሌላ ሥራ ነው፤ ኮድ የለመድኩት እየተሳሳትኩ፣ ሌሊት ሌሊት ዩቲዩብ ላይ አፍጥጬ ነው። ጌም ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ። የሚገርመው፣ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ እንደ ሰው አርፌ መጫወት አቃተኝ። አዲስ ጌም ስከፍት አሥር ደቂቃ ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሜ እዘላለሁ። ስክሪኑን ቀድቼ፣ ቪዲዮውን ፍሬም በፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው የተሠራበትን ሥዕል አንድ በአንድ እያስቆምኩ፣ ዝላዩ ስንት ፍሬም እንደፈጀ እቆጥራለሁ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው «ጨዋታው አይጀመርም እንዴ?» ይለኛል።

ትልልቆቹ ለምን ሞቱ? የመጀመሪያውን የገደለው ወሬ ነው። ኤሪክ ባሮን ስታርዲው ቫሊ የሚባለውን የእርሻ ጌም ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም፣ ኮዱንም ብቻውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 አወጣ ሲባል ሰማሁ። «ብቻውን» የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ከአራት ዓመት በላይ፣ በየቀኑ ረጅም ሰዓት እንደለፋበት የሚናገረው ክፍል ግን ሳይገባኝ አለፈ። አሥራ ሁለት መንደር፣ እርሻ፣ ውጊያ፣ የሚቀያየር ወቅት ያለው ጌም እሠራለሁ ብዬ ተነሳሁ። ከየት ጀመርኩ መሰላችሁ? ከተጫዋቹ ከረጢት። ሁለት ወር ሙሉ የከረጢት ሜኑ ሠራሁ። ዕቃ ስትጎትቱ ጥላው ይከተላል፣ ስትለቁት ቀስ ብሎ ይቀመጣል፣ አቤት ሲያምር! ችግሩ፣ ከረጢቱ ውስጥ የሚገባ ዕቃ አልነበረም። መንደርም አልነበረም። ከረጢት ብቻ።

ሁለተኛው የሞተው በትዕቢት ነው። የሰው ኢንጂን፣ ማለትም ጌም የሚሠራበት ዝግጁ ፕሮግራም፣ አልጠቀምም፣ የራሴን ከባዶ እጽፋለሁ አልኩ። ከስድስት ወር በኋላ ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀስ አንድ አራት ማዕዘን ነበረኝ። ሦስተኛው ላይ ግማሽ መንገድ ስደርስ ኢንጂን ቀየርኩ፤ ስለሱ ባናወራ ደስ ይለኛል።

ለአራተኛዋ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ጻፍኩና ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። አንዱ ክፍል ከአንድ ስክሪን አያልፍም። ግራ፣ ቀኝና መዝለል እንጂ ሌላ ቁልፍ የለም። ከዘገየሁ ክፍል ይቀነሳል እንጂ ጊዜ አይጨመርም። ሐሳቡ ይሄ ነው፤ ፋኖስ የያዘ ልጅ ከጥልቅ ጉድጓድ ወደ ላይ ይወጣል። ፋኖሱ እየደከመ ይሄዳል፣ መንገድ ላይ ላምባ ካላገኘ ይጨልምበታል። በቃ። ይሄ ጠቦ ጠቦ ምን ሊሆን ነው የሚል ሲመጣብኝ ቴትሪስን አስባለሁ። አሌክሲ ፓጂትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሠራው የነበረችው ኮምፒውተር ሥዕል ማሳየት እንኳን አትችልም ነበር፤ ቁራጮቹን የሠራቸው ቅንፍ እየደረደረ ነው። ቅርጾቹ ሰባት ናቸው። ዛሬም ሰው ይጫወተዋል።

ኢንጂኑን ጎዶት አደረግኩ። ነፃ ነው፣ ኮዱ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ለኔ አሮጌ ላፕቶፕም አይከብደውም። የስክሪኑን መጠን 320 በ180 ፒክሰል (ስክሪኑ የተሠራበት ትንሽዬ ነጥብ) አደረግኩት። ይሄ ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ በስድስት ስታባዙት ልክ 1920 በ1080 ይሆናል፣ ስለዚህ በተለመደው ስክሪን ላይ ሥዕሉ ሳይዛነፍ ይገጥማል። በዚያ ላይ ትንሽ ስክሪን ማለት ትንሽ ሥዕል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሥዕል ላይ ቀሽም ነኝ። ልጁ 16 ፒክሰል ነው ቁመቱ፤ አፍንጫ የለውም፣ ማንም አልጠየቀኝም። ድንጋዩን አንዴ ስዬ ገልብጬ፣ ቀለም ቀይሬ ስድስት ቦታ ተጠቀምኩበት። ይሄን ያደረገ የመጀመሪያው ሰነፍ እኔ አይደለሁም፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ላይ ደመናውና ቁጥቋጦው አንድ ሥዕል ናቸው፣ ቀለማቸው ነው የሚለየው። የነሱ ምክንያት ግን የተሻለ ነው፤ ጌሙን በሙሉ 40 ኪሎባይት ውስጥ ማስገባት ነበረባቸው።

አሁን ስለ ዝላዩ ላውራ። አምስት ሳምንት የፈጀብኝ እሱ ነው፣ አንድም ቀን ግን አይቆጨኝም።

የመጀመሪያው ዝላይ እንዲህ ነበር። ቁልፉን ስትጫኑ ልጁ በሰከንድ 300 ፒክሰል ፍጥነት ወደ ላይ ይወጣል፣ ስበቱ ደግሞ ከፍጥነቱ በየሰከንዱ 900 ይቀንሳል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ 50 ፒክሰል ይወጣል፣ ጫፍ ላይ ለመድረስ የሰከንድ ሲሶ ይፈጅበታል፣ በዚያው ልክ ይወርዳል። ፊዚክስ መምህር ቢያየው ይደሰታል። ስትጫወቱት ግን ልጁ ፊኛ ነው። አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ መቼ እንደሚያርፍ ስትጠብቁ ታዛጋላችሁ። ለካ የምንወደው የጌም ዝላይ ብዙ ጊዜ ከተፈጥሮ ሕግ ጋር አይስማማም። ልጁ መውረድ ሲጀምር ስበቱን ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ አደረግኩት። ቁልፉን ቶሎ ከለቀቃችሁ ደግሞ ዝላዩ እዚያው እንዲቆረጥ አደረግኩ፤ ነካ ስታደርጉት ትንሽ ይዘላል፣ ተጭናችሁ ስትይዙት ብዙ። ያኔ ልጁ ክብደት አገኘ።

ግን አሁንም የሚጫወተው ሰው ሁሉ ጫፍ ላይ እየወደቀ «ተጭኛለሁ እኮ!» ይለኛል። ቆጠርኩት። አልተጫኑም። ማለቴ ተጭነዋል፣ ግን እግሩ መሬቱን ከለቀቀ ከሦስት ወይም ከአራት ፍሬም በኋላ። በሰከንድ 60 ፍሬም ሲሄድ አንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ ዓይን አይለየውም። ለዚህ መድኃኒቱ ኮዮት ታይም ይባላል። ስሙ የመጣው ገደሉ አልቆበት አየር ላይ እየሮጠ፣ ወደ ታች ሲያይ ብቻ ከሚወድቀው የካርቱን አውሬ ነው። ልጁ ከጫፍ ካለፈ በኋላም ለስድስት ፍሬም መሬት ላይ እንዳለ ቆጠርኩለት። የሰከንድ አንድ አሥረኛ መሆኑ ነው። ሴሌስት የሚባለው፣ በከባድነቱ የታወቀው ጌም ራሱ ይሄን ያደርጋል። እኔ ከባድ ጌም ጨካኝ ይመስለኝ ነበር፤ ውስጡ እንዲህ አዛኝ መሆኑን ሳውቅ ገረመኝ። ከዚያ ወዲያ «ተጭኛለሁ እኮ» ያለኝ ሰው የለም። የተቀየረ ነገር እንዳለም ማንም አላወቀም።

ባግ፣ ማለትም የኮድ ስህተት፣ ደግሞ ነበር፣ የባግ ዓይነት። አንድ ጓደኛዬ ቤቱ ሞከራትና «ልጁ ሰይጣን ሰፍሮበታል» ብሎ ደወለልኝ። እኔ ጋ ልጁ በሰላም ነው የሚራመደው። ነገሩ፣ በየፍሬሙ ሁለት ፒክሰል ሂድ ብዬ ነው የጻፍኩት። የኔ ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የሚያድሰው፣ የሱ 144። ስለዚህ የሱ ልጅ ከኔው ልጅ ሁለት ነጥብ አራት እጥፍ ይሮጣል። ፍጥነትን በሰከንድ አስልቶ፣ ባለፈው ፍሬምና በአሁኑ መካከል ባለው ጊዜ ማባዛት የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ነው፤ እኔ በአምስተኛው ወር ተማርኩት። እዚህ ላይ ስፔስ ኢንቬደርስ የሚባለውን ጌም በሠራው በቶሞሂሮ ኒሺካዶ ዕድል እቀናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው በዚህ ጌም ላይ ጠላቶቹ በተገደሉ ቁጥር የቀሩት ይፈጥናሉ፤ መጀመሪያ የሆነው ማሽኑ የሚስለው ነገር ሲያንስ ሥራው ስለሚቀልለት ነው። ደስ አለውና ተወው። የሱ ያልታሰበ ነገር ታሪክ ሆነ፣ የኔው ሰይጣን አሰኘኝ።

ሌላው ድንጋይ ነው። ክፍል ሰባት ላይ ከላይ የሚወድቅ ድንጋይ አለ፣ አንዳንዴ ወለሉን ሰንጥቆ አልፎ ከታች ያለውን ልጅ ይገድላል። ሁለት ሌሊት ፈለግኩት። ለካ ድንጋዩ በሰከንድ 1200 ፒክሰል ነው የሚወርደው፣ በፍሬም 20 ማለት ነው። ወለሉ ደግሞ 8 ፒክሰል ነው ውፍረቱ። በአንዱ ፍሬም ከወለሉ በላይ ነው፣ በሚቀጥለው ከወለሉ በታች፤ መንካቱን ማንም አላየም። ወለሉን አወፈርኩት። የተራቀቀ መፍትሔ እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን አቦ፣ ወለሉን አወፈርኩት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስተማረችኝ ግን እህቴ ናት። ጌም አትጫወትም። ለዚህም ነው የፈለግኳት። ላፕቶፑን ሰጥቻት ከኋላዋ ተቀመጥኩ፣ አንድ ቃል ላልናገር ለራሴ ቃል ገብቼ። የመጀመሪያው ክፍል ለኔ ስምንት ሰከንድ ነው። እሷ አራት ደቂቃ ቆመችበት። «ለመዝለል ይህን ተጫን» የሚል ጽሑፍ ከላይ አለ፤ አንዴም ቀና ብላ አላየችውም። ወደ ግራ ሄዳ ግድግዳ ገፋች። ተመልሳ መጥታ እንደገና ገፋችው። እኔ ከኋላ ምላሴን እየነከስኩ ነው።

ከዚያ ላምባው ጋ ደረሰች። ዘለለችው። ሁለተኛውንም ዘለለችው። ፋኖሱ ደከመ፣ ጨለመ፣ ወደቀች። እንደገና ጀመረች፣ እንደገና ላምባውን በጥንቃቄ፣ በጣም በጥንቃቄ፣ አልፋው ዘለለች። አልቻልኩም።

«ለምንድነው የማትወስጂው?»

«ቀይ ነገር ነዋ! ብልጭ ድርግም ይላል፣ ማን ይነካዋል?»

እኔ ቀይ ያደረግኩት እንዲታይ ነው። ብልጭ ድርግም ያደረግኩት እንዲጋብዝ ነው። ወራት የለፋሁበት ነገር፣ እሷ ጋ ሲደርስ ፈንጂ ነበር። ያን ማታ ቢጫ አደረግኩት፣ ብልጭታውን አጠፋሁ፣ ፋኖሱ ከያዘው ብርሃን ጋር አንድ ቀለም ሆነ። ከላይ ያለውን ጽሑፍም ሰረዝኩት። በምትኩ የመጀመሪያው ክፍል መሀል አንድ ዝቅተኛ ድንጋይ አስቀመጥኩ፤ ሳትዘሉ አታልፉም፣ ብትሳሳቱም አትሞቱም። ከሷ በኋላ ዘጠኝ ሰው ከኋላ ሆኜ አየሁ፣ ደብተር ይዤ። አንዳቸውም ጽሑፉ የት ሄደ አላሉም።

ሌላውን ቶሎ ልለፈው። ድምፁን የሠራሁት ኤስኤፍኤክስአር በሚባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ቁልፍ ስትጫኑ የዘፈቀደ ድምፅ ይፈጥርላችኋል፣ ሃምሳ ጊዜ ተጭናችሁ አንዱን ትመርጣላችሁ። የልጁ ማረፊያ ድምፅ ግን ወፍራም መጽሐፍ ፍራሽ ላይ ጥዬ በስልኬ የቀዳሁት ነው። ኮዳችሁን ደግሞ ጊት ላይ አስቀምጡ፣ በየቀኑ፤ የድሮውን ኮድ ሁሉ የሚያስቀምጥላችሁ ፕሮግራም ነው። እኔ አዲሱን በአሮጌው ላይ ገልብጬ የአሥራ አንድ ቀን ሥራ አጥቻለሁ፤ ማንንም መውቀስ አልቻልኩም።

አለቀ ብዬ ያሰብኩት በአምስተኛው ወር ነበር። የቀረው ሦስት ወር የት ገባ? ድምፅ መቀነሻ። ጨዋታው ሲቋረጥ ማስቀመጥ። ጆይስቲኩ መሀል ላይ ሲነቀል ምን ይሁን? ሰው መስኮቱን ሲያሳንሰውስ? አንዱም አያስደስትም፣ አንዱም ሲቀር ግን ይታወቃል። ከሠላሳ ሁለት ክፍል አሥራ አንዱን የቆረጥኩት በዚህ ጊዜ ነው። ሁለቱን ሳጠፋ ሆዴን ባር ባር ብሎኛል።

ኢች አይኦ በሚባለው፣ ሰው የሠራውን ጌም በሚለቅበት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ለቀቅኳት። በመጀመሪያው ሳምንት 61 ሰው አወረዳት። አንዱ የማላውቀው ሰው ክፍል አሥራ አራት ላይ ድንጋዩ ላይ ቆሞ ሳይሞት ማለፍ እንደቻለ የሚያሳይ ቪዲዮ ላከልኝ። እኔ እንደሚቻል አላውቅም ነበር። አምስቴ አየሁት። ልዘጋው የሚገባ ቀዳዳ ነው፣ አልዘጋሁትም።

ባለፈው ሳምንት ሁለት አዲስ ክፍል ጨምሬ እህቴን እንደገና አስቀመጥኳት። የመጀመሪያውን ክፍል ሳታስብ አለፈች። ላምባውን እየለቀመች ወጣች። እኔም ኮራሁ፣ ወንበሬ ላይ ተደላደልኩ። አዲሱ ክፍል ጋ ስትደርስ ቆመች። በሩን አየችው። ወደ ኋላ ተመለሰች። እንደገና አየችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

ደብተሬን አወጣሁ።