ኪጋሊ ላይ ፊዚክስ ማስተማር ሙያዬን እንዴት ለወጠው

ከአገር ወጥቼ ለማስተማር ስወስን ያነሳሳኝ ደመወዝ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ፤ የቤት ኪራይ ተከፍሎ የሚተርፈው ብር ወር አያደርስም። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ያስተምር ስለነበር ክፍት የሥራ ቦታ ሲወጣ ነገረኝና ተወዳድሬ ሄድኩ። ገንዘቡ ዕዳዬን አቃለለልኝ እንጂ ኑሮዬን ከሥሩ አልለወጠውም። የሥራ ሕይወቴን የለወጠው በአማርኛ ማስረዳት በማልችልበት ክፍል ውስጥ መቆሜ ነው።

እዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የፊዚክስ መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፤ ክፍል ውስጥ የሚነገረው ግን በአብዛኛው ሌላ ቋንቋ ነው። እኔ ራሴ የፕላዝማ፣ ማለትም ትምህርት በቴሌቪዥን ይሰጥ የነበረበት፣ ዘመን ተማሪ ነኝ። በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይወርድና መምህራችን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ በሚቀሩት ጥቂት ደቂቃዎች ያመለጠንን ሁሉ በአማርኛ ይሰበስብልን ነበር። መምህር ስሆን ይህንኑ ልማድ ወረስኩ፤ ቀመሩን በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፣ ትርጉሙን በአማርኛ እናገራለሁ፣ ተማሪው ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል፣ ወደሚቀጥለው ርዕስ እናልፋለን። የማውቃቸው ጎበዝ የፊዚክስ መምህራን ሁሉ የሚደነቁት በዚሁ፣ ማለትም ከባዱን ነገር በአማርኛ አቅልለው በመናገር ችሎታቸው ነበር።

ሩዋንዳም የማስተማሪያ ቋንቋ ጉዳይ ያስጨነቃት አገር ናት። በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ስታስተምር ቆይታ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወሰነች፤ በቀጣዩ ዓመትም ሥራ ላይ አዋለችው። በዚህ ምክንያት የመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ ከዩጋንዳና ከኬንያ የመጡ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማሩ መምህራንና በፈረንሳይኛ ሠልጥነው በሥራ ላይ እያሉ ቋንቋ የቀየሩ ሩዋንዳውያን መምህራን አብረው ይቀመጡ ነበር። ተማሪዎቹ በቤታቸውም በግቢውም የሚነጋገሩት በኪንያርዋንዳ ነው። እኔ ከኪንያርዋንዳ የማውቀው ሰላምታ ብቻ ነው። ቀላል እንግሊዝኛ ተናግሬ ካልገባቸው የምሸሽበት ቋንቋ አልነበረኝም።

መውጫውን ያገኘሁት በዕድሜ ከሚበልጠኝና በፈረንሳይኛ ከሠለጠነ የኬሚስትሪ መምህር ነው። እንግሊዝኛው ከእኔ የተሻለ አልነበረም፤ ተማሪዎቹ ግን የእሱን ትምህርት ይረዱ ነበር። ፈቃዱን ጠይቄ ክፍሉ ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ገና ምንም ሳይናገር ሰሌዳው ላይ ይሥላል፣ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፣ ከዚያም ምን እንደሚሆን አስቀድመው እንዲገምቱ ያደርጋቸዋል። ከዚህ በተጨማሪ አገሪቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ ተግባራዊ ያደረገችው ብቃትን መሠረት ያደረገ ሥርዓተ ትምህርት የመምህሩንና የተማሪውን ተግባር በየራሱ ዓምድ የሚያስጽፍ የትምህርት ዕቅድ ቅጽ አለው። የተማሪው ዓምድ ላይ «ያዳምጣል፣ ይጽፋል» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ የክፍሉ ኃላፊ ዕቅዱን ይመልሰዋል። ያ ቅጽ በየምሽቱ ያስጨንቀኝ ነበር፤ ነገር ግን ተማሪው ምን ይሠራል የሚለውን ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሜ እንድጠይቅ ያስለመደኝም እሱ ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት ያስተማርኩበትን አንድ ክፍለ ጊዜ ላንሳ። ከገበያ የእጅ ባትሪ አምፖሎች፣ ባትሪ ድንጋይና ሽቦ ገዝቼ፣ ሁለት አምፖሎች በተከታታይ የተያያዙበትን ዑደት ሠራሁ። (በመልክ አንድ ዓይነት የሚመስሉ አምፖሎች እኩል ላይበሩ ስለሚችሉ ማታ ቤት ውስጥ ሞክሬ ጥንድ መምረጥ ነበረብኝ።) ሳላበራው ሥዕሉን ሰሌዳው ላይ አሳየሁና የትኛው አምፖል ይበልጥ ይደምቃል ብዬ እያንዳንዱ በደብተሩ መልሱን ከነምክንያቱ እንዲጽፍ አደረግሁ። አብዛኞቹ ለባትሪው አዎንታዊ ጫፍ የሚቀርበው ይደምቃል አሉ፤ ኮረንቲው መጀመሪያ እሱ ጋ ስለሚደርስ ከፊሉን ይጨርስበታል ብለው አስበዋል። አበራሁት፤ ሁለቱም እኩል በሩ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ ባትሪውን ገልብጠው አለችኝ፤ ገለበጥኩት፣ አሁንም እኩል ናቸው። ከዚያ በኋላ ክርክሩ በኪንያርዋንዳ ሆነ። አንዲት ቃል ባልሰማም ጣቶቻቸው በደብተሩ ሥዕል ላይ ሽቦውን እየተከተሉ ሲሄዱና ሁለተኛው አምፖል ላይ ደርሰው ሲቆሙ ክርክሩ የት እንደደረሰ ይገባኝ ነበር። በመጨረሻ ኮረንቲው በዑደቱ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆኑን ራሳቸው ተናገሩት፤ እኔ የጨመርኩት መጠሪያዎቹን ብቻ ነው።

አገሬ ስመለስ ይህንኑ ጥያቄ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በንጹሕ አማርኛ አቀረብኩላቸው። ያገኘሁት መልስ ያው ነበር፤ የመጀመሪያው አምፖል ኮረንቲውን ይበላዋል። የኮረንቲንና የቮልቴጅን ዝምድና የሚገልጸውን የኦምን ሕግ በቃላቸው ይወጡታል፣ ስሌቱንም በትክክል ይሠሩታል። ከዚህ ተነሥቼ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ መሰጠት የለበትም አልልም፤ ሕፃናት ሳይንስን በሚያስቡበት ቋንቋ መማር አለባቸው ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። ነገር ግን ጥሩ ንግግር፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን፣ ተማሪው ውስጥ ያለውን የተሳሳተ አስተሳሰብ ሳይነካው ሊያልፍ ይችላል። ይህን ለማየት የምተማመንበት ቋንቋ ለጊዜው ከእጄ መውጣት ነበረበት።

የመመለሱ ሒደት ቀላል አልነበረም። መምህራን ከጀማሪ መምህር እስከ መሪ መምህርነት በሚያድጉበት የደረጃ ዕድገት የውጭ አገልግሎቴ አልተቆጠረልኝም፤ አብረውኝ የጀመሩት ከፍተኛ መምህር ሆነው ጠበቁኝ። ለማስተማር ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ይህን ኪሳራ አስቀድሞ ማስላት አለበት። የሥራ ልምድ ደብዳቤው ያስተማሩትን የትምህርት ዓይነት፣ የክፍል ደረጃና የሳምንት ክፍለ ጊዜ ዘርዝሮ እንዲጻፍ መጠየቅና እዚያው እያሉ በዚያ አገር የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኢትዮጵያ ኤምባሲ ማረጋገጥ ይገባል፤ ከተመለሱ በኋላ ከሩቅ ሆኖ ማስጨረስ እጅግ አድካሚ ነው። ውሉ ላይም የሥራ ፈቃዱን ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ ደመወዙ በየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈል፣ የቤት አበልና የመመለሻ ቲኬት መኖር አለመኖሩ በግልጽ ሳይሰፍር መፈረም አይገባም። እኔ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ሰነድ ግን በእጄ የጻፍኳቸው የትምህርት ዕቅዶች ጥራዝ ነው።

በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲታወቅ ትምህርት ቤቶች መምህራኖቻቸውን በሥራ ላይ የሚያግዝ ሰው መፈለግ ጀመሩ። አንድ ርዕሰ መምህር ዕቅዶቹን አገላብጠው አይተው የሳይንስ መምህራኑን እንዳሠለጥን ጠየቁኝ፤ እነዚያ መምህራን ለሌሎች ነገሩ፤ ዛሬ ዋና ሥራዬ የመምህራን ሥልጠና ሆኗል። በደረጃ ዕድገቱ ብቀጥል ኖሮ ወደዚህ ሥራ የምመጣ አይመስለኝም።

በሥልጠናው ላይ መምህራን ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ፣ ከስልሳ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ እንዴት ይሆናል የሚል ነው። ኪጋሊ ያስተማርኩበት ክፍል የዚያን ግማሽ ያህል ስለነበር መልሱን ከዚያ ይዤ አልመጣሁም፤ ከእነሱ ጋር እየሞከርን ነው። እስካሁን የሠራልን መንገድ ዕቃው አንድ ብቻ ቢሆንም ግምቱን የሁሉም ተማሪ ማድረግ ነው። እያንዳንዱ መልሱን ይጽፋል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከራል፣ እጅ በማውጣት ይቆጠራል፣ ቁጥሩ ሰሌዳው ላይ ይሰፍራል፤ አምፖሉ የሚበራው ከዚያ በኋላ ነው። ለላብራቶሪ ሥራ፣ ተማሪው ራሱ በእጁ መንካት ላለበት ነገር፣ ይህ አይበቃም፤ በዚያ ላይ ገና እየሠራን ነው።