የተገለበጠ ማርሽ በተራራ መንገድ

ለዚህ ጉዞ የመረጥኩት መንገድ ግማሹ ሜዳ፣ ግማሹ ጠመዝማዛ አቀበት ነው። ማርሹ የተገለበጠ ሞተር ሳይክል ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚነሳ ሜዳ ላይ ብቻ አይታወቅም። በተለመደው አሠራር አንደኛ ማርሽ ወደ ታች ተረግጦ ይገባል፤ ከሁለተኛ ጀምሮ ያሉት በእግር ጣት ወደ ላይ ይነሳሉ። በተገለበጠው፣ ማለትም በውድድር ሞተሮች አሠራር፣ አንደኛ ወደ ላይ፣ የተቀሩት በሙሉ ወደ ታች ናቸው። ዜሮው፣ ማለትም ማርሽ ያልገባበት ቦታ፣ በሁለቱም በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ነው። ለመገልበጥ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አይከፈትም፤ ሥራው በሙሉ ውጭ ያለው ክንድና ክንዱን ከፔዳሉ ጋር የሚያያይዘው አገናኝ ዘንግ ላይ ያልቃል።

የእኔ የተገለበጠው ክንዱ ላይ ነው። ከኢንጂኑ በግራ በኩል የሚወጣው የማርሽ ዘንግ ጫፉ ጥርሳም ሲሆን፣ አጭሩ ክንድ እዚያ ላይ ገብቶ በ6 ሚሊ ሜትር ብሎን ይታሰራል። ብሎኑን ማላላት ብቻ አይበቃም። በብዙ ሞተሮች ብሎኑ ዘንጉ ላይ በተቆረጠ ቦይ ውስጥ ስለሚያልፍ፣ ተፈቶ ካልወጣ ክንዱ ንቅንቅ አይልም። መጀመሪያ ክንዱና ዘንጉ የሚገናኙበትን ቦታ በቀለም ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ የክንዱን ስንጥቅ በካቻቪቴ ቀስ ብሎ ከፈት አድርጎ ማውጣት ነው። መዶሻ እዚህ ቦታ የለውም። ዘንጉ ወደ ውስጥ ከተመታ ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው ጎማ ሊጎዳ፣ ውስጥ ያለው የማርሽ መላሽ ስፕሪንግም ከቦታው ሊወጣ ይችላል፤ ያኔ ቀላሉ ሥራ የኢንጂን ክዳን ወደ መፍታት ይሄዳል።

ወደ ኋላ ያይ የነበረው ክንድ 180 ዲግሪ ዞሮ ወደ ፊት ሲያይ፣ ፔዳሉ አገናኝ ዘንጉን የሚስበው እንደ ድሮው ነው፤ የማርሽ ዘንጉ ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራል። ሌላው መንገድ ፔዳሉ ላይ መገልበጥ ነው። ለውድድር በሚሠሩ የእግር ማሳረፊያዎች ላይ ፔዳሉ ከሚዞርበት ብሎን ፊትና ኋላ ቀዳዳ ስላለው፣ የአገናኝ ዘንጉን ጫፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ይበቃል። ፔዳላቸው ያለ አገናኝ ዘንግ በቀጥታ የማርሽ ዘንጉ ላይ የታሰረ ትንንሽ ሞተሮች ግን የሚገለበጥ ነገር የላቸውም፤ መጀመሪያ ፔዳልና ዘንግ ያለው የእግር ማሳረፊያ ሊገጠምላቸው ይገባል።

ኩዊክሺፍተር (ፍሪሲዮን ሳይያዝ ማርሽ የሚያስቀይር መሣሪያ) ላለው ሰው የሁለቱ ምርጫ ልዩነት ትልቅ ነው። ፔዳሉ ላይ ከተገለበጠ፣ ማርሽ ሲጨመር በአገናኝ ዘንጉ ላይ የሚያርፈው ኃይል እንደ ቀድሞው ነው፤ ሲገፋ የነበረው ይገፋል። ክንዱ ላይ ከተገለበጠ ግን ሲገፋ የነበረው ይሳባል። ዘንጉ ላይ ያለው ሴንሰር አቅጣጫ የሚለይ ከሆነ ይህ ካልተነገረው ማርሽ መጨመርን እንደ መቀነስ ያነባል፤ ኃይል መቁረጥ ሲገባው ጋዝ ይሰጣል። ስለዚህ ወይ በሞተሩ ኮምፒውተር ቅንብር ውስጥ አቅጣጫው ይቀየራል፣ ወይ በሁለቱም አቅጣጫ የሚያነብ ሴንሰር ይገጠማል። ይህ ሳይስተካከል መንገድ መውጣት አይታሰብም።

ክንዱ ከዞረ በኋላ ከፔዳሉ ያለው ርቀት ስለሚለወጥ የድሮው ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ ያጥራል። ጫፉን እስከ መጨረሻው ፈትቶ ማስረዘም አደገኛ ነው። በ6 ሚሊ ሜትር ዘንግ ላይ ቢያንስ 9 ሚሊ ሜትር ጥርስ ውስጥ መግባት አለበት፤ ካልደረሰ ረጅም ዘንግ መግዛት ነው። ከሁለቱ ጫፎች አንዱ የግራ ጥርስ አለው፤ ዳዶውም እንደዚያው በተቃራኒ ነው የሚፈታው። ይህን ያላወቀ አጠበቅሁ ብሎ ያላላል። ክንዱም ፔዳሉም ከዘንጉ ጋር ወደ 90 ዲግሪ መቅረብ አለባቸው። ማዕዘኑ ከዚያ ሲርቅ የፔዳሉ ጉዞ በአንዱ አቅጣጫ ያጥርና ማርሹ ሳይነክስ ይቀራል። መፍትሔው ክንዱን በአንድ ጥርስ አዙሮ ዘንጉን እንደገና ማስተካከል ነው። የክንዱ ብሎን በመካከለኛ የጥርስ ማጣበቂያ ተቀብቶ ወደ 10 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል።

ከመነሳት በፊት የኋላ ጎማው በማቆሚያ ከመሬት ተነስቶ፣ ኢንጂኑ ጠፍቶ፣ ጎማው በእጅ እየዞረ ማርሾቹ በሙሉ ወጥተው ይወርዳሉ። ጎማው ካልዞረ የማርሾቹ ጥርሶች ስለማይገጣጠሙ ደህናው ሁሉ የተበላሸ ይመስላል። በዚያው ዘንጉ ከሻንሲው፣ ከፒኞን (ሰንሰለቱን የሚያዞረው የፊት ጥርስ) ክዳኑና ከቱቦዎች ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር መራቁን አያለሁ።

ሜዳው ላይ ስወጣ የሚሰማው ነገር ትንሽ ነው። ማርሽ መጨመር በእግር ክብደት ስለሚሆን ቀለል ይላል፤ ከዚህ ያለፈ ጥቅም ቀጥታ መንገድ ላይ የለም ብል ማጋነን አይሆንም። አደጋው ያለው መብራት ላይ ነው። ከዜሮ ላይ በልማድ ወደ ታች የረገጠ እግር ሁለተኛን ያስገባል፤ ሞተሯ ተንገጫግጫ ትጠፋለች ወይም ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። የባሰው በፍጥነት ላይ የሚመጣው ነው። ልጨምር ብሎ ፔዳሉን ያነሳ ሰው ይቀንሳል። የሦስተኛ ማርሽ ሬሾ 1.6፣ የሁለተኛው 2.0 ቢሆን፣ በደቂቃ 9,000 ዙር ላይ የነበረ ኢንጂን ፍሪሲዮኑ እንደተለቀቀ 11,250 ይዞራል። የዙር ገዳቢው እዚህ አያድንም፤ እሱ የሚቆርጠው ነዳጅ ወይም እሳት ነው፣ ኢንጂኑን የሚያዞረው ደግሞ ጎማው ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ የኢንጂኑን ዙር ዝቅ አድርጌ እይዛለሁ፤ እግር ቢሳሳት እንኳ የሚሰበር ነገር እንዳይኖር።

አቀበቱ ሲጀምር ነገሩ ይለወጣል። ሞተሯ ወደ ግራ ተጋድማ ከኩርባ እየወጣች ጋዝ ሲከፈት፣ በተለመደው አሠራር ጣትን ከፔዳሉ ሥር ማስገባት ያስፈልግ ነበር፤ በፔዳሉና በአስፋልቱ መካከል ግን ለጫማ የሚሆን ቦታ አይቀርም። አሁን ጫማው ከላይ ሆኖ ጫን ይላል፤ ማርሹ ይገባል፣ ሞተሯም መስመሯን አትለቅም። ጀርመን ያለው የዛክሰንሪንግ የውድድር መም ከ13 ኩርባዎቹ 10ሩ ወደ ግራ ናቸው፤ እንዲህ ባለ ቦታ ይህ አሠራር ለምን እንደሚመረጥ ማስረዳት አያሻም። ወደ ቀኝ በሚታጠፈው ኩርባ ግን የግራ እግር ላይኛው ወገን ስለሆነ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም።

እግረ መንገዴን፣ ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። የእንግሊዙ ኖርተን ኮማንዶ በቀኝ እግር ነበር የሚቀየረው፤ አንደኛው ወደ ላይ፣ ሦስቱ ወደ ታች። የዛሬው ልማድ የጸናው አሜሪካ ከመስከረም 1974 ጀምሮ ለሚሠሩ ሞተሮች ማርሹ በግራ እግር፣ መጨመሪያውም ወደ ላይ እንዲሆን ካስገደደች ወዲህ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ሒሳቡ ይወራረዳል። ፍሬን ተይዞ፣ አካል ወደ ፊት ተጥሎ፣ ለእያንዳንዱ ሹል ኩርባ ፔዳሉን ወደ ላይ ሁለት ጊዜ ማንሳት አለ። የግራ ጫማ ፊቱ ቶሎ ያልቃል፤ ወፍራም የክረምት ጫማ ደግሞ ከፔዳሉ ሥር አልገባ ይላል። ለጉብኝትና ለከተማ የሚነዳ ሰው ይህን ሁሉ የሚሸከምበት ምክንያት አይታየኝም። መም ላይ ለሚውል ወይም ግራ ኩርባ የበዛበትን መንገድ ለሚወድ ግን ይገባል።

ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላ የቆምኩት ብሎኑንና ሁለቱን ዳዶዎች ለመፈተሽ ነው። አዲስ የታሰረ ክንድ ጥርሱ ላይ እየተደላደለ ስለሚላላ ይህ ማረፊያ አይዘለልም። የፔዳሉ ጫፍ ከታች ተፍቆ ስለነበር ትንሽ ከፍ ማለት ነበረበት። ዳዶዎቹ ላልተው ዘንጉ አንድ ዙር ሲዞር፣ ከሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ሚሊ ሜትር ስለሚንቀሳቀስ ርዝመቱ በ2 ሚሊ ሜትር ይለወጣል። ፔዳሌ ከማዞሪያው ብሎን እስከ ጣት ያለው ርዝመት ዘንጉ ከተያዘበት አራት እጥፍ ስለሆነ፣ ግማሽ ዙር ጫፉን 4 ሚሊ ሜትር ከፍ አደረገው። ከዚህ በላይ ቢነሳ ለመጨመር ቁርጭምጭሚት ማጠፍ ይጠይቃል፤ ዝቅ ቢል ደግሞ በግራ ኩርባ ላይ እንደገና ይፈቃል።