ከሀዋሳ በማለዳ፦ የጌዴኦን ትክል ድንጋዮች በደርሶ መልስ ማየት

ትክል ድንጋይ ሲባል አብዛኛው ሰው ትዝ የሚለው አክሱም ነው፤ ቀጥሎ ጢያ። ከሀዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ባለችው የጌዴኦ ዞን ከተማ በዲላ ዙሪያ ግን ኮረብታው ላይ፣ እንሰቱና ቡናው መሃል በብዛት ቆመዋል፤ ከቆሙት ይልቅ የወደቁት የሚበዙበትም ቦታ አለ።

ይህን ጉዞ የሚያበላሸው አርፍዶ መነሳት ነው። የድንጋዮቹ ቅርጽ በጥልቀት የተፈለፈለ ስላልሆነና ብዙ ዘመን ዝናብ ስላጠበው የሚታየው ፀሐይ በጎን ስትመታው ብቻ ነው። በዚህ አካባቢ ደግሞ ፀሐይ ቶሎ አናት ላይ ትወጣለች። ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ የመጣ ሰው ፊትና እጅ የተቀረጸበትን ድንጋይ ተራ ድንጋይ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ስለዚህ 12 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ተገኙ። ሚኒባስ ካልሞላ አይነሳም። በአፖስቶ አድርጎ ዲላ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ያዙለት። ዲላ ስትደርሱ መጀመሪያ የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ጎራ ብሎ ስለ ክፍያና ስለሚመራችሁ ሰው መጠየቅ ይሻላል፤ ስለዚህ የሥራ ቀን ምረጡ። ዓርብ የምሳ እረፍቱ ከ5፡30 እስከ 7፡30 መሆኑን አትርሱ።

ለአንድ ቀን ቱቱ ፈላ የተባለው የትክል ድንጋይ ቦታ ይበቃል። ወደ ቡሌ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። እዚህ ሁለት ዓይነት ድንጋይ ታያላችሁ፦ ድቡልቡልና ጫፉ ክብ የሆነው የወንድ ብልት ቅርጽ ያለው፣ እና የሰው መልክ የተቀረጸበት። ቀድሞ የነበረው የመጀመሪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቦታውን የቆፈሩት ፈረንሳዊው ሮዤ ዡሶም፣ አሮጌዎቹ ድንጋዮች በኋላ እንደገና ተጠርበው ሰው እንደተደረጉና የመቃብር ምልክት ሆነው እንደተተከሉ አሳይተዋል። ይህን በዓይናችሁ ለማረጋገጥ ጫፉን እዩ፤ በአንዳንዱ ላይ የድሮው ቅርጽ ርዝራዥ ከፊቱ ምስል ጋር አብሮ ይታያል። ለእኛ ቱቱ ፈላን ከጢያ የሚያስበልጠው ይኸው ነው።

ፀሐይዋ ካመለጠቻችሁ ጃንጥላ ዘርግታችሁ ድንጋዩን አጥሉበት፣ ከዚያ የስልክ ባትሪ ከድንጋዩ ጎን አስጠግታችሁ አብሩ። ብርሃኑን ፊት ለፊት ካበራችሁት ቅርጹ ይጠፋል። በጠመኔ ማድመቅ፣ ውሃ ማፍሰስ ወይም ድንጋዩ ላይ የበቀለውን ሽበት መፋቅ ግን አይሆንም፤ ሽበቱ ሲላቀቅ የድንጋዩን ገጽ ይዞ ነው የሚነሳው።

ሌላው የትክል ድንጋይ ቦታ፣ ጨልባ ቱቱቲ፣ ከዲላ በስተደቡብ ነው። ረጃጅሞቹ እዚያ ናቸው፤ የሰው ፊት ግን አትጠብቁ። ጊዜ ከተረፈ ብቻ ሂዱ።

ዕድሜያቸውን በተመለከተ፣ ከአንድ ሺህ ዓመት ብዙም አያልፉም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ግን እዚያው ጌዴኦ የሚገኘውን የሳካሮ ሶዶን ድንጋዮች ወደ 1ኛው ክፍለ ዘመን መልሷቸዋል። እዚያው የተገኘው አብዛኛው የባልጩት ስባሪ ደግሞ ከ300 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ከሰሜን ኬንያ የመጣ ሆኖ ተገኝቷል። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ እነዚህ ድንጋዮችም፣ በዙሪያቸው ያለው የእንሰትና የቡና እርሻም አብረው ነው የተመዘገቡት። ስለዚህ ማሳ ስታቋርጡ ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ ችግኝ እንዳትረግጡም ተጠንቀቁ።

ጫማችሁ ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን። መሬቱ ቀይ ሸክላ ነው፤ በተለይ በሚያዝያና በግንቦት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ከጣለ ቁልቁለቱ ያንሸራትታል፣ ባጃጅም አይወጣውም። ደመና ሲከብድ ካያችሁ ቱቱቲን ተዉትና ወደ አስፋልቱ ውረዱ። ለባጃጅ ዝርዝር ብር፣ ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ ያዙ። ከዲላ መናኸሪያ እስከ 10 ሰዓት ካልተነሳችሁ ሚኒባሱ እስኪሞላ ይመሻል፤ በዚያ መንገድ ላይ በጨለማ ከብትና ጋሪ መሃል መጓዝ ደግሞ አይመከርም።