«ወፍረሻል!» የሚለው ሰላምታና ሰውነታችንን የምናይበት ዓይን

ሁለት ሰዎች ከተያዩ ጥቂት ወራት ካለፉ፣ ተሳስመው ሳይጨርሱ የሚመጣው ቃል ይታወቃል፦ «ውይ! ወፍረሻል!» ወይም «ምነው እንዲህ ከሳህ? አሞህ ነበር እንዴ?» እንዲህ የምትል አክስት ክፋት የላትም። መክሳት የበሽታ ወይም የማጣት ምልክት በነበረበት ዘመን ነው ያደገችው፤ በእሷ አፍ «ወፍረሻል» ማለት «ኑሮ ተስማምቶሻል» ማለት ነው። ማዕድ ሲቀርብ ደግሞ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» እያለች ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ታስከትላለች። ሰሚዋ ግን የ20 ዓመት ልጅ ናት፤ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ስልኳ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስታይ ያመሸችው ወገቡ የቀጠነውን፣ ዳሌው የሞላውን፣ ቆዳው የጠራውን ነው። ቤቱ «ብዪ» ይላታል፣ ስልኩ «ቀንሺ»። ለሁለቱም በአንድ ጊዜ መታዘዝ አይቻልም።

እንዲህ ያለ የሁለት መለኪያ ግጭት ምን እንደሚያመጣ በግልጽ የታየው ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ባለችው የደሴት አገር፣ ፊጂ ላይ ነው። የፊጂ ሰዎችም እንደኛው ሞላ ያለ ሰውነት የሚወዱ፣ በምግብ የሚግደረደር እንግዳ የማይመቻቸው ናቸው። ናድሮጋ ወደተባለው አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1995 ቴሌቪዥን ገባ። አን ቤከር የተባለች አሜሪካዊት የሥነ አእምሮ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት ቴሌቪዥኑ በገባ በሳምንታት ውስጥ፣ ከዚያም በ1998 የሁለተኛ ደረጃ ልጃገረዶችን ጠየቀች። በመጀመሪያው ዙር ክብደት ለመቀነስ ብላ የበላችውን የምታስመልስ አንዲትም አልተገኘችም። በሁለተኛው 11.3 በመቶ ሆኑ፤ 74 በመቶዎቹ ደግሞ ቢያንስ አልፎ አልፎ «ወፍራም ነኝ» ብለው እንደሚያስቡ ተናገሩ። ያ እንግዲህ ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ቴሌቪዥን ነው፤ የዛሬው ስልክ ትራስ ሥር ያድራል።

ሰውነታችንን የምናይበት ዓይን ከሰውነታችን ጋር የተያያዘ ቢሆንም አንድ አይደለም። አሥር ኪሎ ቀንሶ በዚያው ዓይን ራሱን የሚያይ ሰው ብዙ ነው። ዓይኑ የሚሠራው በዕለት ልማድ ስለሆነ ጥገናውም ከልማድ ይጀምራል።

የመጀመሪያው ልማድ ፍተሻ ነው። ሚዛን ላይ መውጣት፣ ሆድ መቆንጠጥ፣ የእጅ አንጓን በሁለት ጣት መለካት፣ በሱቅ መስታወት ቦርጭን አየት ማድረግ፣ የተነሱትን ፎቶ አጉልቶ አፍንጫ ላይ መቆም። ሦስት ቀን ሙሉ ምንም ሳትቀንሱ፣ ባደረጋችሁት ቁጥር ስልካችሁ ኖት ላይ አንድ ጭረት አስምሩ። ከዚያ ለመተው ቀላል የሆነውን አንዱን ብቻ መርጣችሁ ለሳምንት አቁሙት፤ በቀጣዩ ሳምንት ሌላውን። ሁሉንም በአንድ ቀን እተዋለሁ ያለ ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ሊመለስበት ይችላል፤ ፍተሻው የጭንቀት ማስታገሻው ስለነበር ነው። ማስታገሻነቱ ግን የደቂቃዎች ነው። አንድ ቦታ ላይ ትኩር ብሎ ማየት ያንን ቦታ ያገዝፈዋል፤ ካልመሰላችሁ መስታወት ፊት ቆማችሁ አንደኛውን ቅንድባችሁን ብቻ ሁለት ደቂቃ እዩት፣ የሌላ ሰው ቅንድብ ይመስላችኋል። መስታወት ሲያስፈልግ ከአንድ ሜትር ርቃችሁ ሙሉ ቁመናችሁን አይታችሁ፣ ልብሱን አስተካክላችሁ ሂዱ።

ስለ ሚዛን ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ነው። ጤነኛ ሰው ከቀን ወደ ቀን አንድ ሁለት ኪሎ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ጨው፣ ውሃ፣ ሆድ ውስጥ ያለው ምግብ፣ ለሴቶች ደግሞ የወር አበባ መቃረቢያ ያመጡታል። ሰውነት ከእንጀራና ከዳቦ የሚያገኘውን ስኳር በጉበትና በጡንቻ ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ገደማ ውሃ ይዞ ይቀመጣል። እንጀራ ያቆመች ልጅ በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ብትቀንስ አብዛኛው ውሃ ነው፤ አንድ ምሳ በልታ ሲመለስባት «ምንም አልረባም» ትላለች። በፋሲካ ማግስት ሚዛን ላይ የሚወጣ ሰውም እንደዚያው ነው፤ የዶሮ ወጡ ጨው የያዘውን ውሃ ስብ ነው ብሎ ያነባል።

ፋሲካን ካነሳን አይቀር፦ 55 ቀን የሚጾመው ዓቢይ ጾም ለአንዳንድ ልጆች መሸፈኛ ይሆናል። ምግብ የምትፈራ ልጅ በጾም ሰሞን ማንም አይጠይቃትም፣ እንዲያውም ትመሰገናለች። ለቤተሰብ የሚታየው ምልክት ከፋሲካ በኋላ ነው። ሌላው ሲፈስክ እሷ ምክንያት እየደረደረች ከቀጠለች፣ ወይም በጾሙም ወቅት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ማዕዱን የምትሸሽ ከሆነ፣ ነገሩ የነፍስ ጉዳይ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ካሜራው ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ስሌት እንዳሳየው፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተነሳ ሰልፊ አፍንጫን 30 በመቶ ያህል አስፍቶ ያሳያል፤ ከ1.5 ሜትር ሲነሳ ልኩ ይመለሳል። ስልኩን መደርደሪያ ላይ አስደግፋችሁ፣ አሥር ሰከንድ ሰዓት ሞልታችሁ፣ ሁለት እርምጃ ርቃችሁ ተነሱና ከእጅ ሰልፊው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት። አፍንጫዬን ልሠራ የሚል ሰው ይህን ሳያደርግ ባይወስን ጥሩ ነው። ፎቶ ላይ «እኔን አልመስልም» የሚለው ስሜት ደግሞ ቀላል ምክንያት አለው፤ ዕድሜ ልካችንን የለመድነው በመስታወት የተገለበጠውን ፊታችንን ነው።

የስልክ ሰዓትን በተመለከተ ጥሩ መነሻ አለ። ካናዳ ውስጥ ከ17 እስከ 25 ዓመት የሆናቸው፣ የጭንቀት ወይም የድባቴ ምልክት ያለባቸው 220 ተማሪዎች ለሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ቡድን ማኅበራዊ ሚዲያን በቀን 60 ደቂቃ ላይ እንዲገድብ ተደረገ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያ ቡድን ስለ መልኩና ስለ ክብደቱ ያለው ስሜት ተሻሻለ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሟል። ጨርሶ አጥፉት አልተባለም። ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነው፦ ቲክቶክን ብቻ የገደበ ሰው ኢንስታግራም ላይ ይሰደዳል። ስለዚህ 60ውን ደቂቃ ለሁሉም አካፍሉት፤ አይፎን ላይ የስክሪን ታይምን (የሰዓት መገደቢያውን) የሚስጥር ቁጥር ጓደኛችሁ ይሙላው፣ እናንተ አትወቁት። የሚመጣላችሁንም ነገር አሠልጥኑት። የሚያስቀናችሁን ቪዲዮ እየተናደዳችሁም ቢሆን እስከ መጨረሻው ካያችሁት፣ መተግበሪያው ወደዳችሁት ብሎ ሌላ ያመጣል፤ ቪዲዮውን ተጭናችሁ «ፍላጎት የለኝም» የሚለውን ምረጡ። «ሞቲቬሽን» የሚባሉት የስፖርት ገጾችም ከዚህ አይቀሩም።

ከሁሉም በላይ ማስረጃ ያለው ዘዴ ግን የቡድን ሥራ ነው፤ አሜሪካዊው ተመራማሪ ኤሪክ ስታይስና ባልደረቦቹ የሠሩት፣ አንድ አንድ ሰዓት የሚፈጅ አራት ስብሰባ። ለዶርም በጣም ይመቻል፤ ከስድስት እስከ ስምንት ልጆች ይበቃሉ። በመጀመሪያው ቀን «አሁን ቆንጆ የሚባለው ምን ዓይነት ነው?» ተብሎ ዝርዝሩ ወረቀት ላይ ይወጣል፦ ቀይ ወይም ጠይም፣ ሸንቃጣ፣ ወገቧ እንዲህ፣ ጸጉሯ እንዲያ። ዝርዝሩ ሲረዝም ሳቅ ይጀመራል፤ እነዚያን ሁሉ አሟልታ የምትራመድ ሰው እንደሌለች ይታያልና። ቀጥሎ ይህን ማሳደድ ስንት ብር፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት እንቅልፍ እንደሚፈጅ፣ ማን እንደሚያተርፍበትም ይቆጠራል። የቤት ሥራው ለታናሽ እህት ስለዚህ ዋጋ ደብዳቤ መጻፍ ነው። በቀሩት ስብሰባዎች ደብዳቤው ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ አንዷ «ሳልበላ ልክረም» ባይ ሆና ትጫወታለች፣ ሌሎቹ ይሟገቷታል፤ እያንዳንዷም በሰውነቷ አፍራ የተወችውን አንድ ነገር፣ ለምሳሌ እጅጌ የሌለው ቀሚስ መልበስን፣ በሳምንቱ ውስጥ ታደርጋለች።

ዘዴው የሚሠራው፣ ሰው በገዛ አፉ፣ ወዶ የተናገረውን ነገር መልሶ መካድ ስለሚከብደው ነው። የሚበላሸውም ከዚሁ ሲወጣ ነው። መሪዋ መምከር ከጀመረች ሌሎቹ ይሰማሉ እንጂ አይናገሩም፣ ከዚያ የሚቀረው ንግግር ብቻ ነው። በግዴታ ከተጠሩም አይሠራም። ወሬው ወደ «አንቺ እንዴት ቀነስሽ?» ከዞረ ደግሞ ስብሰባው ራሱ ጉዳት ይሆናል፤ ኪሎና ካሎሪ በቁጥር እንዳይጠሩ ከመጀመሪያው ተስማሙ።

ወደ አክስት እንመለስ። ትልቅ ሰው ፊት «ስለ ሰውነቴ አይናገሩ» ማለት አያስኬድም፤ ሰላምታውን በሰላምታ መመለስ ግን ይቻላል፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እርስዎስ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ?» ብዙ ጊዜ ጉልበቱ ወሬውን ይወስደዋል። ለእናት ከሆነ ማዕድ ላይ ሳይሆን ለብቻ፣ ቡና እየተፈላ፦ «እማዬ፣ ወፍረሻል ስትዪኝ ቀኑን ሙሉ ያንን ሳስብ እውላለሁ።» ለእኩያ «እሱን እንተወውና ሌላ እናውራ» ይበቃል። እኛም በተራችን «ናፍቀሽኛል» የሚል ቃል እያለ «ወፍረሻል» ማለት ምን የሚሉት ልማድ ነው?

ወንዶቹ ዘንድ ያው ነገር ጂም ለብሶ ይመጣል። አብዛኛው የደረትና የሲክስ ፓክ ፎቶ ከስፖርት በኋላ ጡንቻው ደም ሞልቶት ሳለ፣ ከላይ በሚወርድ መብራት የተነሳ ነው። ግባችሁን ከመስታወት ወደ ቁጥር አዙሩት፤ 8 ፑሽ አፕ 15 ሲደርስ መስታወቱ ምንም ቢል የማይካድ ነገር አላችሁ። አንድ ቀን ጂም ስለቀረ ሠርግ የሚቀር፣ ወይም መርፌ ማሰብ የጀመረ ልጅ ግን ከጓደኛ ምክር ያለፈ ያስፈልገዋል። የጡንቻ ሆርሞን መርፌ ሰውነት የራሱን ቴስቶስትሮን መሥራት እንዲያቆም ያደርጋል፣ የዘር ፍሬንም ያኮማትራል።

የወር አበባ ለሦስት ወር ከቀረ፣ ከምግብ በኋላ ማስመለስ ካለ፣ ራስ መሳት ከመጣ፣ ወይም ሌላው በማያየው የፊት እንከን በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ሐሳብ የሚይዝ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ይኬድ፤ ሆስፒታሉ የሥነ አእምሮ ክፍል ካለው ወደዚያ። እዚያ ሲደረስ ነገሩን በስሙ መጥራት ያስፈልጋል። «ጨጓራዬን ነው» ብሎ የገባ ሰው የጨጓራ መድኃኒት ይዞ ይወጣል።

የመጨረሻው ክሬምና ኪኒን ነው። ማቅያ ክሬም ውስጥ ሜርኩሪ ካለ ኩላሊት ይጎዳል፤ ማሸጊያው ላይ «ካሎሜል» (የሜርኩሪ ውህድ ነው) የሚል ቃል ወይም «ከወርቅና ከብር ጌጥ አርቁ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ ዕቃውን አትንኩት። ክሎቤታሶል የተባለ ጠንካራ ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ቆዳን ያሳሳል፣ ደም ሥር ያወጣል። ሃይድሮኩዊኖን የተባለው ማቅያ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ሊያቀላው የተገዛለትን ፊት ሰማያዊ ጥቁር ሊያደርገው ይችላል። ለማወፈሪያ ተብሎ የሚሸጠው ኪኒን ብዙ ጊዜ ሲፕሮሄፕታዲን ወይም ዴክሳሜታዞን ነው። የመጀመሪያው የአለርጂ መድኃኒት ሲሆን የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ያስተኛል። ሁለተኛው ስቴሮይድ ነው፤ ፊትን ያነፋል፣ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ ሰውነትም የራሱን ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን መሥራት እንዲተው ያደርጋል። ስለዚህ ዴክሳሜታዞንን ለሳምንታት የወሰደ ሰው ይህን አንብቦ ደንግጦ ዛሬውኑ እንዳያቋርጥ፤ ድንገት ሲቆም ማስመለስ፣ የደም ግፊት መውረድና ተዝለፍልፎ መውደቅ ሊመጣ ይችላል። ኪኒኑን ከነማሸጊያው ይዞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ መጠኑን በሳምንታት ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ ያስወጣዋል።