የፍላሽ ሴል ልምምዴ፦ የተሰረዘውን ዋጋ አላምንም

ባለፈው ትልቅ የቅናሽ ሰሞን በፍላሽ ሴል (ለአጭር ሰዓት ብቻ በሚቆይ ቅናሽ) ስፈልገው የነበረውን የጆሮ ማዳመጫ ገዛሁና አፑን ዘጋሁት። ሌላ ምንም አልነካሁም። ለአንዳንዶቻችሁ ይሄ ወሬ ላይሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን ትልቅ እርምጃ ነው። ወደ ኋላ የሚቆጥረው ሰዓት ነበር። "3 ብቻ ቀርቷል" የሚለው ቀይ ጽሑፍም ነበር። ስንት ሰው ዕቃውን እያየው እንደሆነ የሚናገረው ማሳሰቢያም ብቅ ጥልቅ ይል ነበር። ዋጋው ጥሩ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ግን ከእነሱ አልጠየቅኩም። መልሱን ከሳምንታት በፊት መዝግቤ ይዤዋለሁ።

ስለ መጀመሪያው ደረጃ ብዙ አላወራም፤ አብዛኞቻችሁ አልፋችሁበታል። አካውንት ቀድሞ መክፈት፣ አድራሻ ማስገባት፣ የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣበትን ስልክ አጠገብ ማድረግ፣ ሽያጩ የሚጀምረው በየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ ማጣራት። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ሰው የሚረሳው ካርዱን ነው። አዲስ ካርድ የመጀመሪያ ክፍያው በሽያጩ ቀን ከሆነ ባንኩ ተጠራጥሮ ሊያግደው ይችላል። ቀደም ብላችሁ በትንሽ ግዢ ሞክሩት። ሊንክ በመልእክት ሲላክላችሁም አትጫኑት፤ የሱቁን አድራሻ ራሳችሁ ጽፋችሁ ግቡ። በቅናሽ ሰሞን የሱቅ ገጽ አስመስለው የሚሠሩ አጭበርባሪዎች እንደ ጉድ ይበዛሉ።

የሽያጩን አሠራር ማወቅም ይጠቅማል። ለምሳሌ አማዞን ላይ "ላይትኒንግ ዲል" በሚባለው ሽያጭ ለቅናሹ የተመደበው ዕቃ ብዛቱ የተወሰነ ነው። ምን ያህሉ እንደተወሰደ በመቶኛ የሚያሳይ መስመር አለ። ካርት (የግዢ ቅርጫት) ውስጥ ካስገባችሁት በኋላ ከፍላችሁ ለመጨረስ 15 ደቂቃ ይሰጣችኋል። ካልከፈላችሁ ዕቃው ለሌላ ሰው ይለቀቃል። እዚህ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ፦ እነዚያ 15 ደቂቃዎች የገዢው ናቸው። ዕቃውን መጀመሪያ ካርት ውስጥ አስገቡት፣ ከዚያ ተረጋግታችሁ አጣሩ። አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ገጹ ላይ ቆሞ ያመነታል፣ መስመሩ ሊሞላ ሲል ደንግጦ ያስገባል፣ ከዚያ ሳያጣራ ይከፍላል። "አለቀ" ሲባልም ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። የተጠባባቂዎች ዝርዝር አለ። ካርት ውስጥ አስገብቶ የሚተወው ሰው ብዙ ስለሆነ ተራው ሊደርሳችሁ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ከሁሉም በላይ ያስቸገረኝ የተሰረዘው ዋጋ ነው። ከአዲሱ ዋጋ ጎን ተጽፎ በላዩ ላይ መስመር የተሰመረበት ቁጥር ማለቴ ነው። ቅናሹ ስንት በመቶ እንደሆነ የሚሰላው ከእሱ ተነሥቶ ነው። እሱ ልክ ካልሆነ መቶኛው ምንም አይነግረንም።

በቁጥር እንየው። አንድ ዕቃ ለወራት በ100 ሲሸጥ ቆየ እንበል። ሽያጩ ሊደርስ ሲል ሻጩ ወደ 150 ከፍ ያደርገዋል። በዕለቱ "40 በመቶ ቅናሽ" ብሎ በ90 ያቀርበዋል። ሒሳቡ አልተሳሳተም፤ የ150 አርባ በመቶ 60 ነው። እኛ ግን በእውነት ያተረፍነው 10 ብቻ ነው። ዋጋው ጭራሽ ሳይጨመር የሚሆንበት ጊዜም አለ። የተሰረዘው ቁጥር አምራቹ "በዚህ ይሸጥ" ብሎ ያወጣው፣ ነገር ግን ማንም ሱቅ በዚያ ዋጋ ሸጦት የማያውቅ ይሆናል።

ይህን ችግር የፈታልኝ የዋጋ ታሪክ ግራፍ ነው። በጣም የምወደው መሣሪያ እሱ ነው። አማዞን ላይ ለሚገዛ ሰው ኪፓ እና ካሜልካሜልካሜል የሚባሉ ሁለት አገልግሎቶች አሉ። ኪፓን ብራውዘሩ ላይ ስትጭኑት ግራፉን እዚያው የዕቃው ገጽ ላይ ያወጣላችኋል። ካሜልካሜልካሜል ደግሞ የዕቃውን ሊንክ ስትሰጡት ታሪኩን ያሳያችኋል፤ የምትፈልጉትን ዋጋ ብትነግሩት እዚያ ሲደርስ በኢሜይል ያሳውቃችኋል።

መጀመሪያ ልገዛ ያሰብኩት የጆሮ ማዳመጫ በኋላ የገዛሁት አልነበረም። የዚያን የመጀመሪያውን ግራፍ ስከፍት መስመሩ ለወራት ሜዳ ነው። ሽያጩ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሄደ። እዚያ ተቀምጦ ቆየ። በሽያጩ ዕለት ወደ ቀድሞው ሜዳ ወረደ፣ ከሜዳው በታች የሄደው በጥቂቱ ነው። ገጹ ላይ ግን ትልቅ የቅናሽ ምልክት ተለጥፎበታል። የገዛሁት ደግሞ ምልክቱ ያነሰ ነበር። መቶኛው ሲታይ ብዙም አይስብም። ግራፉ ላይ ግን የዓመቱ ዝቅተኛ ዋጋው እሱ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ሳይ የቅናሽ መቶኛ የሚባለውን ነገር ማየት አቆምኩ። አሁን የማየው "ባለፈው አንድ ዓመት ከዚህ በታች ወርዶ ያውቃል ወይ?" የሚለውን ብቻ ነው።

ግራፉም ቢሆን ካላወቁበት ያሳስታል። አንደኛ፣ ቀለምና መጠን። የአንዱ ቀለም ዋጋ ከሌላው ሊለይ ይችላል፤ እናንተ ጥቁሩን እያያችሁ ግራፉ የነጩን ታሪክ እያሳያችሁ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የምትፈልጉትን ቀለም ምረጡ፣ ከዚያ ግራፉን ክፈቱ። ሁለተኛ፣ ሻጩ ማን እንደሆነ። ዋናው ሱቅ ዕቃው ሲያልቅበት ሌላ ሻጭ በእጥፍ ዋጋ ብቻውን የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ግራፉ ላይ ትልቅ ተራራ ሆኖ ይታያል፣ አማካዩንም ያዛባዋል። ስለዚህ አማካዩን ትቼ መስመሩ ብዙ ጊዜ የተቀመጠበትን ቦታ ነው የምወስደው። ሦስተኛ፣ ገጹ ላይ ምልክት ተደርጎበት የሚቀነስ ኩፖን ግራፉ ላይ ላይገባ ይችላል። የመላኪያ ሒሳብም እንደዚያው። የመጨረሻውን ድምር የምታዩት ክፍያ ገጹ ላይ ስትደርሱ ነው።

አራተኛውና ከባዱ ታሪክ የሌለው ዕቃ ነው። ለትልልቅ የቅናሽ ቀናት ተብለው የሚመረቱ ዕቃዎች አሉ፤ በተለይ ቴሌቪዥን ላይ ይሄ የታወቀ ነው። ስሙ ከታወቀው ሞዴል ጋር ይመሳሰላል። የሞዴል ቁጥሩ መጨረሻ ላይ አንድ ፊደል ወይም አኃዝ ይለያል። ውስጡ ሲታይ የመሰኪያ ቀዳዳው አንሶ ወይም ስክሪኑ ደከም ያለ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ግራፉን ስትከፍቱ ደግሞ ባዶ ነው፤ ዕቃው ከተወለደ ገና ሳምንታት ነው። እኔ የሞዴል ቁጥሩን ሙሉውን ገልብጬ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ እፈልገዋለሁ። እዚያ ከሌለ፣ ወይም የግምገማ ቪዲዮዎቹ ሁሉ ስለ ሌላኛው ሞዴል የሚያወሩ ከሆነ አልገዛም። ይሄ ደንብ አንዳንድ ጊዜ ጥሩ ዕቃም ያስመልጠኛል። ቢሆንም አልተውኩትም።

እነዚህ መሣሪያዎች የማይሠሩባቸው ሱቆች ግን ብዙ ናቸው። ለእነዚያ የራሴን ሰንጠረዥ ጎግል ሺት ላይ ሠራሁ። አምዶቹ ጥቂት ናቸው፦ ቀን፣ የዕቃው ሊንክ፣ ሙሉ የሞዴል ቁጥር፣ ሻጭ፣ ከመላኪያ ጋር ድምር ዋጋ፣ እና የእኔ የዋጋ ጣሪያ (ከዚያ በላይ የማልከፍልበት ዋጋ)። በሳምንት አንዴ ቡና እየጠጣሁ እሞላዋለሁ። ሁሉንም ነገር አልመዘግብም፤ በእርግጥ የሚያስፈልገኝን ብቻ ነው። ሊንኩን ከሳምንት ሳምንት መክፈት የሚሰለቸኝ ዕቃ ራሱ አስፈላጊ እንዳልሆነ ይነግረኛል፣ አወጣዋለሁ። ከዋጋው ጋር ስክሪንሾትም አስቀምጡ። ካልመዘገባችሁ ደግሞ የድረ ገጾችን የድሮ ቅጂ በሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ የዕቃውን ገጽ ሊንክ አስገብታችሁ የድሮ ገጹን መፈለግ ትችላላችሁ። ሁሌ አይገኝም፤ ሲገኝ ግን ያን የተሰረዘ ዋጋ ፊት ለፊት ታመሳክሩታላችሁ።

የአውሮፓ ኅብረት ይህንኑ ችግር በሕግ ይዞታል። ከግንቦት 28 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው ደንብ መሠረት፣ ሻጭ ቅናሽ ሲያስተዋውቅ "የቀድሞ ዋጋ" ብሎ ማሳየት ያለበት በአጠቃላይ ከቅናሹ በፊት በነበሩት 30 ቀናት የተሸጠበትን ዝቅተኛውን ዋጋ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኅብረቱ ፍርድ ቤት የቅናሹ መቶኛም መሰላት ያለበት ከዚሁ ዋጋ ተነሥቶ ነው ሲል ወሰነ። እኔ የምገዛው ከየትም ይሁን ይህችን የ30 ቀን ደንብ የራሴ አድርጌያታለሁ። ሰንጠረዤ ላይ ካለው የወር ዝቅተኛ ዋጋ በታች ካልወረደ ቅናሽ ብዬ አልጠራውም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ሁሉም ቆጣሪ ውሸት ነው የሚሉትን አልስማማም። ብዙዎቹ እውነተኛ ናቸው። ሐሰተኞቹ ግን ጥቂት አይደሉም። በ2019 እ.ኤ.አ. የፕሪንስተንና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ የገበያ ድረ ገጾችን በሶፍትዌር ፈትሸው ገዢን የሚያጣድፉ፣ የሚያሳስቱ ወይም የሚጫኑ 1,818 አሠራሮችን አግኝተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ዜሮ ደርሶ እንደገና የሚጀምር፣ ወይም ካለቀ በኋላም ዋጋው የማይለወጥ ቆጣሪ ነበረበት። መሞከሪያው ቀላል ነው። ገጹን በብራውዘሩ ስውር መስኮት (ኢንኮግኒቶ) ክፈቱት። ቆጣሪው ለእናንተ ብሎ ከአዲስ ከጀመረ የሽያጩ ሰዓት አይደለም። እውነተኛ ሽያጭ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ያልቃል።

ከሰው የሚለየኝ ሌላም ነገር አለ። ብዙ ሰው "በጀት ያዙ" ብሎ ይመክራል። እኔ ጠቅላላ በጀት ብዙ አልረዳኝም፤ ገንዘቡ ተርፎ ሲታይ ሰው የሚያስገባበት ዕቃ ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ ዕቃ የዋጋ ጣሪያ ማውጣት ይሻላል። ዋጋው እስከ ጣሪያው ካልወረደ ገንዘቡ አይነካም፣ ወደ ሌላ ዕቃም አይዞርም። የኖቲፊኬሽን ጉዳይም አለ። የሱቅ አፖችን ኖቲፊኬሽን ሙሉ በሙሉ አጥፉ። የሚያስፈልጋችሁ ራሳችሁ በዋጋ የሞላችሁት ማሳወቂያ ብቻ ነው። "የዛሬ ምርጥ ቅናሾች" የሚሉ ቻናሎችን በተመለከተ፣ ብዙዎቹ በሊንካቸው ስትገዙ ኮሚሽን ያገኛሉ። ጥሩ የሚሠሩ አሉ፤ ግን ምርጥ ያሉት ለማን እንደሆነ ጠይቁ።

ድርብ ቅናሽንም ልብ አድርጉ። 20 በመቶ ቅናሽ ላይ ተጨማሪ 20 በመቶ ሲባል 40 አይደለም። ሁለተኛው የሚሰላው ከቀረው 80 ላይ ነው፤ ድምሩ 36 በመቶ ነው። የመመለሻ ደንቡንም ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ፣ ምክንያቱም ፍላሽ ሴል ላይ "አይመለስም" የሚል ቃል በትንሽ ፊደል ሊገባ ይችላል።

ልብስና ጫማ ላይ ግን እስካሁን መላ አላገኘሁም። ሞዴሉ በየወቅቱ ይቀየራል፣ ታሪክ ሳይኖረው ይጠፋል፣ መጠኑም ከብራንድ ብራንድ ይለያያል። ግራፉም ሰንጠረዡም እዚያ ላይ አይያዙልኝም። ለጊዜው ከዚህ በፊት ለብሼ ልኬን የማውቀውን ብራንድ፣ የሚመለስ ከሆነ ብቻ ነው የምገዛው። አፕ ላይ ብቻ የሚታዩ ዋጋዎችንም በእጅ ከመገልበጥ ውጪ የምመዘግብበት መንገድ የለኝም። የተሻለ ዘዴ ያላችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። እኔ ለሚቀጥለው ሰሞን ታድሰው የሚሸጡ ላፕቶፖችን መመዝገብ ጀምሬያለሁ፤ ከባትሪው ጤንነትና ከዋስትናው ጊዜ ጋር፣ ለየብቻ አምድ ሰጥቼ።